የእሬቱ ሁለት ውሃ

አንዲት ዘርፌ የምትባል እናት በአንዲት ቆላማ ከተማ ዳር ትኖር ነበር። ቤቷን እንደ አጥር የከበበው እሬት ነው። በዚያ ሰፈር እሬትን እንደ እሷ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ዘርፌ ወፍራሙን ቅጠል ከሥሩ ትቆርጥና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋ ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ ታቆመዋለች። መጀመሪያ ቢጫው ውሃ ይወርዳል። እሱ ክፉ መራራ ነው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ የዋጠውን ሰው ሆድ ያምሳል። ቢጫው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ቅጠሉን ታጥባለች፣ እሾሃማ ጠርዙን በቢላ ታነሳለች፣ ልጣጩን ትገፋለች። ያኔ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለገው፣ ጥርት ያለው ውስጡ ይወጣል። ፀሐይ የለበለበው ፊት፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የደረቀ የራስ ቆዳ፣ ትንኝ የነከሰው ክንድ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ሴቶቹ ፊታቸውን ይዘው፣ ልጆቹ የተጫረ ጉልበታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ማንንም በባዶ አትሸኝም። «የእትዬ ዘርፌ እጅ ቀዝቃዛ ነው» ይላሉ።

ቢጫውን ውሃ ሌሎች ይደፉታል። ዘርፌ ግን በትንሽ ብልቃጥ ታጠራቅመውና መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠው ነበር።

እሱ የልጇ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ማንኛውም እናት ነው። ልጇ ብርቄ ሁለት ዓመት ሲሞላት ጡት ልታስጥላት እሬት ተቀባች። ሕፃኗ ጠብታዋን ቀምሳ ጮኸች፣ በሁለተኛው ቀን ጡቱን ተወችው። ነገሩ እንዲህ መቅለሉ ዘርፌን ገረማት። ብርቄ በአራት ዓመቷ አውራ ጣቷን ስትጠባ ጣቷን ቀባቻት። በስድስት ዓመቷ ስትዋሽ ምላሷን ቀባቻት። በሰባት ዓመቷ የሰው ልጅ ስትሰድብ ከንፈሯን ቀባቻት። ከዚያ በኋላ ብልቃጡን ማንሳት ብቻ ይበቃ ነበር።

«በእኔ ቤት ዱላ የለም» ትላለች ዘርፌ ለጎረቤቷ ለመንበረ።

«አንቺማ ታድለሻል!» ትስቃለች መንበረ። «እኔ የእኔዎቹን ሳባርር ሦስት ነጠላ ጫማ ጨርሻለሁ። አንዱ እንደውም ጣራ ላይ ቀርቷል።»

ብርቄ መሪሩን ውሃ ቀምሳ ስታለቅስ እናቷ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላት ነበር። «የመረረሽ እሬቱ እንዳይመስልሽ። ጥፋትሽ ነው የመረረሽ። ጥፋት የሌለበትን ሰው እሬት አይመረውም።»

ልጅ የተነገረውን ያምናል። ብርቄም አመነች። ደግሞ ማስረጃውን በዓይኗ ታይ ነበር። የመንበረ ልጆች ከዚያው ቅጠል ተቀብተው «እሰይ፣ ይቀዘቅዛል!» እያሉ ይስቃሉ። ቅጠሉ አንድ ነው። እነሱን ይቀዘቅዛቸዋል፣ እሷን ይመራታል። ስለዚህ እነሱ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ እሷ ደግሞ መጥፎ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች?

አንድ ረቡዕ ዘርፌ ገበያ ሄደች። «ምድጃው አጠገብ እንዳትደርሺ፤ ስኳሩ ለማኅበሩ ነው፣ እንዳትነኪ» ብላ ነበር የወጣችው። ብርቄ ሁለቱንም አደረገች። ጓደኞቿ እንደሚያደርጉት ከረሜላ ልትሠራ ስኳሩን በጭልፋ አድርጋ ከሰሉ ላይ አቀለጠችው። ጭልፋው ጋለባት፣ ከእጇ አዘነበለ፣ የቀለጠው ስኳር ቀኝ መዳፏና ጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። የቀለጠ ስኳር እንደ ውሃ አይንጠባጠብም። እንደያዘ ይቀራል።

ጮኸች። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ከደጅ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ አጥር ሙሉ እሬት ቆሟል። ብርቄ አየችው። አይታም ወደ ጓዳ ሮጠች። የጥርስ ሳሙና አገኘች፣ እሱን ቀባች፣ ከላይ በእራፊ ጨርቅ ጠመጠመችው፤ ረጅም እጅጌ ያለውን ሹራቧንም ለበሰች።

አራት ቀን ሙሉ ያንን ሹራብ አላወለቀችም።

«በዚህ ሙቀት?» አለቻት ዘርፌ ሐሙስ ዕለት።

«በርዶኝ ነው።»

ዓርብ ዕለት ውሃ በግራ እጇ ብቻ እያንጠለጠለች መጣች። መንበረ በአጥሩ በኩል አይታት «አንቺ ልጅ፣ ምነው እንደ ሙሽራ ተሸፋፈንሽ? ልንድርሽ ነው እንዴ?» ብላ ቀለደች። ዘርፌም ሳቀች። «ስንፍና ነው! ሥራ ሲነገራት ይበርዳታል» አለች።

ቅዳሜ ዕለት የመንበረ ትንሹ ልጅ ክርኑ ተጭሮ መጣ። ዘርፌ ቅጠል ቆረጠች፣ ቢጫውን አንጠፈጠፈች፣ በጥርት ያለው ውስጡ ቀስ ብላ አበሰችለት። «እፍ፣ እፍ፣ አይዞህ የእኔ ጌታ» አለችው። ብርቄ በሩ ሥር ቆማ ታይ ነበር። ቀኝ እጇ እጅጌው ውስጥ ነው። በዚያች ሰዓት እጇ መግል ቋጥሮ ነበር።

እሑድ የዘርፌ የማኅበር ተራ ነበር። ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ብርቄ ትሪው አጠገብ ተቀምጣ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በግራ እጇ ጎረሰች። አንድ የማኅበሩ ሽማግሌ «ዘርፌ፣ ልጅሽ ግራ እጇን ሾመችው እንዴ? ቀኙ ተሽሮ ነው?» አሉና ሰዉን አሳቁት። ዘርፌ ፊቷ ጋለ። ልጇን በዓይኗ ገሠጸቻት። ብርቄ አቀረቀረችና እንደገና በግራዋ ጎረሰች።

እንግዶቹ እንደወጡ ዘርፌ ብልቃጡን ከመደርደሪያው አነሳች።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ አይደል? አምጪ ያንን ግራ እጅሽን! በእሱ መብላት እንዲያስጠላሽ አደርገዋለሁ!»

ብርቄ አላለቀሰችም፣ አልሸሸችም። ግራ እጇን ወዲያው ዘረጋች።

«ቀቢልኝ እማዬ» አለች። «እንዲያውም ምላሴንም ቀቢኝ። ቀኙን ብቻ አትንኪው።»

ዘርፌ ደነገጠች። ልጅ ቅጣቱን እንደዚህ ሲለምን ሰምታ አታውቅም። ብልቃጡን አስቀመጠችና የቀኙን እጅጌ ሰበሰበች። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ ከቆዳው ጋር የተጣበቀው ጨርቅ ታየ። ከጨርቁ በታች ያለው የልጇ እጅ አይመስልም ነበር።

መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«መቼ?»

«ረቡዕ። ስኳሩን አቅልጬ…»

«አራት ቀን! አራት ቀን ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም? የሰው ልጅ ሁሉ እየመጣ ይቀባል፤ እሬቱ እደጅሽ አልነበረም?»

ብርቄ እናቷን ግራ ገብቷት አየቻት። እናቷ መልሱን አለማወቋ ነበር የገረማት።

«እሬቱ ስላለ ነዋ» አለች። «እነሱን ይቀዘቅዛቸዋል፤ አላጠፉማ። እኔ ግን ስኳር ሰርቄያለሁ፣ ምድጃውንም ነክቻለሁ። እንዲህ ተቃጥዬ እሱ ቢጨመርበት ልሞት እችላለሁ።»

ዘርፌ ልጇን አዝላ ሮጠች። ከሰፈሩ ዳር ጤና ጣቢያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ፣ ሁሉም ሰው ድሬሰር ብሎ የሚጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። እጁን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሬት አምጥቻለሁ፣ ጥሩውን…» አለች ዘርፌ፣ በእጇ ይዛ የመጣችውን ቅጠል ዘርግታ።

«አሁን? አሁንማ አትንኪው! በመጀመሪያው ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሺበትና ሳይመረቅዝ ብታመጫት ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ይኼ የቅጠል ጉዳይ አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። ለመሆኑ ልጅቱ አራት ቀን የት ነበረች?»

«እቤት» አለች ዘርፌ።

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«እኔም እቤት።»

ሽማግሌው የሆስፒታል መላኪያ ወረቀት ጻፉላት።

ብርቄ ሦስት ሳምንት ተኛች። እጁ ተረፈ፣ ቁስሉም ደረቀ። ነገር ግን ጠባሳው እየተኮማተረ ጣቶቿን ወደ ውስጥ መጎተት ጀመረ። ሐኪሙ ሲሸኟቸው በግልጽ ተናገሩ። «ቁስሉ ድኗል። ከእንግዲህ ቆዳው እንዳይደርቅ በየቀኑ እያለሰለሳችሁ፣ ጣቶቹን ቀስ እያላችሁ መዘርጋት አለባችሁ። ዛሬ ነገ ከተባለ እጁ እንደተጨበጠ ይቀራል።»

ዘርፌ በየቀኑ ሞከረች። ቅባት ስታመጣ ብርቄ እጇን ደረቷ ውስጥ ትቀብራለች። እሬት ስታመጣ ደግሞ ልጅቷ አፏን በእጅጌዋ ትሸፍናለች። የተቃጠለው እጇ ሆኖ ሳለ የምትሸፍነው አፏን ነበር። በሳምንቱ ትንሿ ጣት ከመዳፏ ጋር ተጣበቀች። የቀለበት ጣቷም ልትከተል ነበር።

ዘርፌ ወደ ድሬሰሩ ሄዳ የብልቃጡን ነገር ሁሉ ነግራ አለቀሰች። «ጋሼ፣ እጇን አልሰጥም አለችኝ። እርስዎ ይያዙልኝ፣ በግድ እንዘርጋው።»

«በግድ?» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ፣ እስካሁን የሆነውማ በግድ ነው። የልጅቱን እጅ የዘጋው ስኳሩ ብቻ አይደለም። የዘጋሽውን አንቺው ክፈቺው።»

ዘርፌ ቤቷ ገባች። ከብርቄ ፊት ለፊት ተቀምጣ አንድ ቅጠል ቆረጠች። ቢጫው ውሃ ተንዠቀዠቀ። ብርቄ አፏን ሸፈነች። ዘርፌ ግን ጣቷን ቢጫው ውስጥ ነክራ ወደ ራሷ ምላስ ወሰደችው። ፊቷ ተጨማደደ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሬት በቆረጠችባቸው ሃያ ዓመታት ውስጥ ከዚያ ውሃ አንዲት ጠብታ ቀምሳ አታውቅም ነበር።

ብርቄ እጅጌዋን ከአፏ አወረደች። ተደንቃ እናቷን ተመለከተቻት።

«መረረሽ?»

«መረረኝ።»

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «አንቺስ ምን አጠፋሽ?»

ዘርፌ ምላሷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ዋሸሁሽ» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ ዋሸሁሽ። እሬት የሰው ጥፋት አያውቅም። ቢጫው ለሁሉም ይመራል፣ ለእኔም ለአንቺም። ውስጡ ደግሞ ለሁሉም ይቀዘቅዛል። እኔ ነኝ ውስጡን ለሰው ልጅ፣ ቢጫውን ለአንቺ የሰጠሁሽ።»

ተነሥታም ብልቃጡን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ደጅ አውጥታ ደፋችው። ተመልሳ ቅጠሉን አጠበች፣ ልጣጩን ገፈፈች፣ ጥርት ያለውን ውስጡን መዳፏ ላይ ይዛ ጠበቀች። አልጎተተቻትም፣ አልጠራቻትም።

ብርቄ መጀመሪያ የግራ እጇን ጣት ሰደደች። ነካችው። ትንሽ ቆይታ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ፣ አሁን ይመረኛል ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው ሆና ነበር የሰጠቻት።

የቀለበት ጣቷ በሁለት ወር ተዘረጋች። ትንሿ ጣት ግን እስከ ዛሬ እንደታጠፈች ናት። ብርቄ አድጋለች፣ ትጽፋለች፣ በቀኝ እጇ ትጎርሳለች። እሬት ሲቆረጥ ሲሸታት ግን አሁንም ሳታስበው አፏን በእጅጌዋ ትሸፍናለች።

ወዳጆቼ፣ እያንዳንዳችን እንደዚያ ቅጠል ነን። መራራውም ለስላሳውም ውሃ በውስጣችን አለ። ለጎረቤት፣ ለእንግዳ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው መራራውን አንጠፍጥፈን፣ አጥበን፣ ለስላሳውን እናቀርባለን። «እንዴት ያለች ደግ ናት» እንባላለን። ቤታችን ስንገባ ደግሞ ያጠራቀምነውን ብልቃጥ እናወርዳለን። ይባስ ብለን የእኛን ምሬት የልጆቻችን ጥፋት ነው ብለን እንነግራቸዋለን፤ እነሱም ያምኑናል። መድኃኒትን መቅጫ ያደረገ ሰው የቆሰለ ቀን መድኃኒት የለውም። ልጅ የሚፈራው እጅ ቢያድንም እንኳ ልጁ ወደ እሱ አይሮጥም፣ ይሸሸዋል።

ይህን የጻፍኩት ለሌላ ሰው ብቻ አይደለም። እኔም ቤት መደርደሪያ አለ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ልጃችሁ ዛሬ እጇን ብታቃጥል የምትሮጠው ወደ እናንተ ነው ወይስ ከእናንተ? ታሪኩን ለሌላ ከማካፈላችሁ በፊት ግን ቀስ ብላችሁ የልጆቻችሁን እጅጌ ሰብስባችሁ እዩ።