ሰባተኛው ወርቅና የአቶ እንግዳሸት ልጆች

በአንድ ወቅት፣ ስሟን ብነግራችሁ «እዚያ እኮ ዘመድ አለኝ» እያላችሁ ወሬዬን በምታቋርጡኝ አንዲት የገበያ ከተማ፣ አቶ እንግዳሸት የሚባሉ ማኅተም ቀራጭ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበች በሕይወት ሳሉ፣ ባልና ሚስቱ አልጋ ሊገዙ ገበያ ወጥተው አንድ የወርቅ መታሰቢያ ሳንቲም ገዝተው ገቡ። ጎረቤቱ «ሳንቲም ላይ ሊተኙ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀባቸው። እነሱም አብረው ሳቁ። ከዚያ ሁለተኛውን ጨመሩ፣ ሦስተኛውን ጨመሩ። የታተሙት መታሰቢያዎች በጠቅላላው ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ተዋበች አረፉ።

ታዲያ ለአቶ እንግዳሸት ወርቅ መሆኑ ብቻ አይበቃቸውም ነበር። ሳንቲሙ ከማተሚያው በወጣበት ቀን መልኩ መገኘት አለበት። ጣት ያረፈበት፣ ጨርቅ የፈተገው፣ ከሌላ ጋር የተጋጨ ሳጥናቸው አይገባም። እንዲህ ያለውን የሚመረምሩ ባለሙያዎች አሉ፤ በማጉያ መነጽር አገላብጠው ያዩና ከሰባ ነጥብ ሰጥተው፣ ብርጭቆ በመሰለ ማቀፊያ ያሽጉታል። ስድስቱም ሰባ ከሰባ ያገኙ ነበሩ። ሰባተኛው ግን ጠፋ። ጠፋ ስላችሁ ከአገር አልጠፋም፤ ሴቱ ሁሉ ማንጠልጠያ አስበይዶ አንገቱ ላይ አድርጎታል፣ ዓውደ ዓመት በመጣ ቁጥርም በአመድና በሎሚ ሲያሸው ከርሟል። የኛ ሰው ወርቅ ሲወድ እንዲህ ነው፤ በፍቅር ይጨርሰዋል።

በዚህ መሀል የአቶ እንግዳሸት ዓይን ይደክም ጀመር። ሐኪሙም «የሄደው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ምኞታቸው አንድ ሆነ፤ ሳይጨልምባቸው በፊት ሰባቱን ባንድ ሳጥን ማየት። የእድሩን ሽማግሌዎች ጠርተው ማሉ።

«ሰባተኛውን ሳይነካ ላመጣልኝ ሳጥኑ ከነሰባቱ ወርቅ የእሱ ነው። አይሸጥም፣ አይከፈልም። ሰባቱ ከተለያዩ የእኔና የተዋበች ዕድሜ ተበተነ ማለት ነው።»

ይህን የሰሙ ሦስት ወጣቶች ነበሩ። ሦስቱም በእነዚህ ባልና ሚስት ቤት በልተው ያደጉ የጎረቤት ልጆች ናቸው።

አስካለች ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ የጸጉር ስንጥቅ አይስትም። ሰርግም ክርስትናም እየገባች የሴቶቹን አንገት ታይ ጀመር። «ይቺ ልጅ ዓይኗ ወርቅ ላይ ተተክሎ ቀረ» ተባለ። ቀጥሎ ቡዳ ናት ተባለ። እናቶች ሕፃናታቸውን ሸፈኑባት፣ ደንበኞቿም መንገድ ቀየሩ። እሷ ግን አልተወችም። ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ፣ የሰው ወሬ ከቁብ የማይቆጥሩ ሴት የታላቅ ልጃቸውን የሰርግ ቀሚስ እንድትሰፋ ጠሯት። ልትለካ በገባችበት ቀን ወይዘሮ ደብሪቱ የሙሽራዋን ጌጥ ሊያሳዩአት ከልብስ ሣጥን ሥር አንዲት ትንሽ ማኅደር አወጡ። ክዳኗ ሲከፈት ሰባተኛው ወርቅ ቁጭ ብሏል፤ አባታቸው ከተሸለሙት ጀምሮ ጣት አላረፈበትም። በማግስቱ ግን ማንጠልጠያ ሊበየድበት ወደ አንጥረኛ ሊሄድ ነው። አስካለች «እትዬ፣ በሞቴ አንድ ቀን ብቻ ያቆዩልኝ» አለች፤ አቆዩላት።

አበጋዝ የእህል ነጋዴ ነው፤ አስካለች ያየችውን ስትነግረው ገንዘብ ይዞ ሄደ። ወይዘሮ ደብሪቱ ፊታቸውን አጠቆሩበት። «የአባቴን ሽልማት በብር? ደግሞስ ልጄ አንገቷ ባዶ ሆኖ ከቤቴ ልትወጣ ነው?» አበጋዝ ወጥቶ ሄደ፤ ሲመለስ የሟች እናቱን የወርቅ ሀብል ይዟል። ከእናቱ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራትም። «እናቴ ለምራቷ ያስቀመጠችው ነው። የእርስዎ ልጅ ታጥልቀው» አላቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ ሀብሉን ሲቀበሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የእናት ጌጥ ሲሆን በአባት ሽልማት ይለወጣል» አሉ።

ምትኩ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። የወይዘሮ ደብሪቱን ታናሽ ልጅ፣ ስንዱን፣ ሊያገባ ሽማግሌዎች ለእሑድ ቀጠሮ ይዘውለት ነበር። ሳንቲሙን ሊረከቡ ሦስቱም ሲሄዱ ቤቱ በሰርግ ዘመድ ተሞልቷል። ወይዘሮ ደብሪቱ ማኅደሯን ከፈቱና «አቧራ የያዘ ነገርማ ለሰው አይሰጥም፣ ነውር ነው» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ አውራ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። ጨዋ ሰው ናቸዋ! አስካለችና አበጋዝ አልደረሱም። ምትኩ ተወርውሮ የአማቱን እጅ አንጓው ላይ ጨመቀ። ሴትዮዋ ጮኹ፣ ዘመዱ ሁሉ ተነሣ። ጨርቁ ወርቁን ሳይነካ ቀረ። ምትኩ እግራቸው ላይ ወድቆ ቢለምንም አልሆነም። «ሳንቲሙን ውሰዱ፤ ቃሌ ቃል ነው። የአማቱን እጅ የሚጠመዝዝ አማች ግን ደጄን እንዳይረግጥ!» አሉ። ስንዱም ለሌላ ተዳረች።

መርማሪዎቹ ሳንቲሙን አይተው ሰባ ከሰባ ሰጡት። አቶ እንግዳሸት ሰባቱን መስኮት ሥር ደርድረው፣ አፍንጫቸው ሊነካቸው እስኪደርስ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ አዩአቸው። አለቀሱ። «ተዋበች፣ ሞላልሽ! ተመስገን!» አሉ። ማር አስመጡና አውራ ጣታቸውን ነክረው ሦስቱንም አስጠቧቸው፤ እንደ ወጉ የጡት ልጆቻቸው አደረጓቸው። ሳይወልዱ የሦስት ልጆች አባት ሆኑ፤ ከዚያ ቀን የበለጠ የደስታ ቀን አላዩም።

የቀረው ሳጥኑ ነው። ሽማግሌዎቹ «እስቲ ተናገሩ» አሏቸው።

አስካለች «እኔ ባላየው ምን ይገዛ ነበር?» አለች።

አበጋዝ «እኔ ባልለውጠው ማየቷ ምን ይረባ ነበር?» አለ።

ምትኩ «እኔ እጃቸውን ባልይዝ ጋሼ ለተፈተገ ወርቅ ሳጥን ይከፍቱ ነበር?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ ምሳቸውን በሉ፣ እንደገና ተከራከሩ፤ አልተስማሙም። አቶ እንግዳሸት ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ልጆቼ፣ ምስጋናዬ ለሦስታችሁም እኩል ነው። ምስጋና ቢከፋፈልም አያንስም፤ ሳጥኑ ግን አንድ ነው። የምሰጠውን ልጅ ፊቱን እያየሁ ልስጠው፤ እባካችሁ ፍጠኑልኝ» አሉ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ያቃታቸውን እናንተ ፍረዱ፤ ስሟ የጠፋባት፣ የእናቱን ማስታወሻ የሰጠው፣ ወይስ እጮኛውን ያጣው? ሳጥኑ የሚገባው ለማን ነው?