የዳሳሽ በርጩማ

እስቲ ቅረቡ፣ ልንገራችሁ። ድሮ ነው። የዛሬ ሽማግሌዎች ገና ሳይወለዱ፣ ጠመንጃ ግን ተወልዶ ባደገበት ዘመን ነው። እኔ ከባሌ አክስት ከእቴ ብርቄ ሰማሁት፤ እሷም ከእናቷ ሰማችው።

በዚችው በኛ ቆቅ ውኃ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ድሃ ናት። ጥጥ እየፈተለች ነው የምታድር። መልኳን የሚያስታውስ የለም፤ እንዝርቷን ግን ሁሉም ያስታውሳል።

ያኔም ሙሽራ ሲገባ ጠመንጃ ይተኮሳል። ደስታ ነው ይላሉ። አንድ ቀን ቢያድግልኝ የሚባል ጎረምሳ በሰርግ ተኮሰ። ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት አለ። ጥይቱ ግን የአንጓችን ባል ዘለቀን ደረቱ ላይ አገኘው።

ዘለቀ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ከቤቷ የገባ ሰው የለም። ያኔ በጠመንጃ የተመታ ሰው ቤት አይገባም ነበር። የገባ ሰው ከተመታው ወገን ይቆጠራል፤ ነገ ደም ይፈልጉበታል። ስለዚህ ሁሉም ከአጥር ውጭ ቆሞ «እግዜር ያጥናሽ» ይልና ይሄዳል። አንጓች ብቻዋን ተቀመጠች። ብቻዋን አለቀሰች። ብቻዋን ፈተለች።

ክረምት አለፈ። አያ ሙጬ የሚባለውን የመንደሩን ሰው በወሰን ጠብ ጥይት እግሩን ሰበረው። እሱም ቤት ማንም አልገባም። አንጓች እንዝርቷን ይዛ ሄደች። አጥሩን አለፈች፤ ገባች፤ ተቀመጠች።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ? እግር ልትቀጥዪልኝ ነው?» አላት ሙጬ።

«ልፈትል ነው። የኔ ቤት ዝም ብሎኛል።»

በማግሥቱም መጣች፤ ፈተለች። በሌላውም ቀን መጣች። ያን ቀን ጥጡንና መዳመጫውን ወደሱ ገፋ አደረገችለት።

«ወንዱን ሰውዬ ጥጥ ዳምጥ ትይኛለሽ? ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?»

«ሰው መቼ መጣብህና ነው፣ አያ ሙጬ? የተመታው እግርህ ነው፤ እጅህ ደህና ነው።»

ሙጬ ሳቀ። ሳቀና አለቀሰ። ፍሬውን ከጥጡ እየለየ፣ የተመታባትን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት።

ወሬው ተሰማ። ዓይኑን ያጣ መጣ። ልጇን የቀበረች መጣች። ሰባት ሆኑ። ቀን ቀን ከሙጬ ደጅ ይቀመጣሉ። የሚዳምጥ ይዳምጣል፤ የሚፈትል ይፈትላል። ማን ተኮሰብህ አይባባሉም። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ፣ እህል ትቀምሻለሽ ወይ፣ ነው የሚባባሉት።

ከዚያ የዘለቀ ወንድም ደም መለሰ። ያን ጎረምሳ ቢያድግልኝን ገደለው። የቢያድግልኝ እናት ዳሳሽ ትባላለች። ሌላ ልጅ የላትም። አጥሯን ያለፈ ሰው የለም።

እንዲያ ብቻን መቀመጥን አንጓች ታውቀዋለች። እንዝርቷን አነሳች፤ ሄደች። ከዳሳሽ አጥር ደረሰች። «የባልሽን ደም ረግጠሽ ልትገቢ?» የሚሉ የባሏ ዘመዶች በጆሮዋ መጡባት። ቆመች፤ ተመለሰች። በማግሥቱም ሄደች። ቆመች፤ ተመለሰች።

«ግቢ እንጂ፣ አንቺ ሴት! እኔ ቤት ስትገቢ ማንን አስፈቀድሽ?» አላት ሙጬ።

«ያንተ ቤት የባሌ ደም የለበትም» አለችው።

በሦስተኛው ቀን አጥሩን አለፈች።

በሩ ክፍት ነው። አመዱ ቀዝቅዟል። ዳሳሽ የለችም። ደጃፉ ላይ በርጩማ አለች፤ አጎዛ ተነጥፎባታል።

ጎረቤቷ ከአጥር ማዶ ነገረቻት። «መጀመሪያ የመጣሽ ዕለት አይታሻለች። አንጓች እንዝርት ይዛ መጥታ ነበር፤ ነገ ትገባለች ብላ አነጠፈችልሽ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ጠበቀችሽ። ስትመለሺም አየችሽ። ዛሬ በማለዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች።»

«ወዴት ሄደች?»

«ማን ጠየቃት!»

አንጓች በየገበያው ጠየቀች። በየደብሩ ጠየቀች። አላገኘቻትም። በርጩማዋን ቤቷ ወስዳ አስቀመጠች፤ እስክታረጅ ግን አንድ ቀን አልተቀመጠችባትም። ተቀመጪባት ሲሏት «የተነጠፈልኝ ያን ቀን ነበር» ትል ነበር።

ለዚህ ነው ዛሬም በቆቅ ውኃ ሰው በጠመንጃ ሲመታ፣ የገዳይም ቤት ይሁን የሟች፣ ደጁ ላይ በርጩማ የሚወጣው፤ አጎዛ የሚነጠፈው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት ሴት እንዝርት ይዛ ትቀመጥበታለች። የማን ወገን ነሽ አትባልም። ልሂድ ልቅር እያለ እግሩ ለሚያመነታም ሰው «አንጓችም ሁለት ቀን ዘገየች» ይሉታል። ይህን የሰማ አይቆምም፤ ይሄዳል።

አንጓች ተኩሱን ግን አላስቀረችውም። ሰርግ በመጣ ቁጥር ይተኩሳሉ። እኔም ልጄን ታቅፌ ከግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ። የኛ በርጩማ ከበሩ ኋላ ናት። አጎዛዋን አራግፌ መልሼ አስቀምጣታለሁ። እግዜር ሆይ፣ እሷን አታስወጣን እላለሁ።