ጎፈሩ ያለቀበት ብር

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ገበያ በሚወጡበት ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር አንድ አንበሳ ነገሠ። ነገሠና ገንዘብ አሠራ። ገንዘቡ ከጥሩ ብር የተሠራ ነው፤ ክብ ነው፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። በአንድ ፊቱ የማሽላ ዛላ፣ በሌላው ፊቱ የንጉሡ የራሱ መልክ አለ። ጎፈሩ አንድ በአንድ ወጣ ወጣ ብሎ በጣት ይዳሰሳል።

ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከረመና የብዙው ጎፈር አለቀ። ከዚያ ወዲህ ገበያተኛው ሁሉ አንድ ልማድ ያዘ። ገንዘብ ሲሰጡት የአንበሳውን ጎፈር ይዳብሳል። ካገኘ «ጎፈሬ ነው» ብሎ ይቀበላል። ካጣ «መላጣ ነው፣ ውሰድ!» ብሎ ይወረውራል። ብሩ ያው ብር ነው፤ ሲጥሉትም ያው ቅጭል ይላል። ግን ማን ይስማ?

በዚያ አገር እመት ሚዳቋ አንዲት ግልገል ነበረቻት። ግልገሏ ታመመች። ሰውነቷ እንደ ፍም ጋለ፤ ጡትም እምቢ አለች። የእናት ነገር ታውቁት የለ፣ ትንፋሿ ያለ እንደሆነ ብላ አሥር ጊዜ ጆሮዋን የልጇ አፍንጫ ላይ ታደርጋለች። የበሽታው መድኃኒት ያለው አያ ጃርት ዘንድ ብቻ ነው፤ ሥር ቆፋሪው እሱ ነዋ። ሚዳቋ ልጇን ለጎረቤቷ ለቆቅ አደራ ሰጥታ፣ ከእናቷ የወረሰቻትን አንዲት ብር ይዛ ሮጠች።

«አያ ጃርት፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው። ይችን ያዝና ሥሩን ስጠኝ።»

ጃርት ዳበሰ። «መላጣ ነው።»

«ብሩ እኮ ደህና ነው! ድንጋይ ላይ ጣለውና ስማው።»

«እኔ ገንዘብ እንጂ ዋሽንት መቼ ፈለግሁ? ጎፈሬ አምጪ፣ ሥር ውሰጂ!»

ገበያው ዳር እመት ጦጢት ተቀምጣለች። ይህች ተንኮለኛ የሰዉን ልማድ አይታ፣ ጭቃ ላይ የጎፈሬውን መልክ እያተመች፣ እርሳስ የሚባለውን ለስላሳ ብረት አቅልጣ ታፈስበታለች። የሚወጣው ገንዘብ ጎፈሩ ከንጉሡም ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ትጮሃለች፦ «መላጣ አምጡ፣ ጎፈሬ ውሰዱ! መላጣ አምጡ፣ ጎፈሬ ውሰዱ!»

ሚዳቋ አንዱን አንሥታ ድንጋይ ላይ ጣለችው። ዱብ አለ።

«እመት ጦጢት፣ ይሄ ድምፅ የለውም።»

«አዲስ ነዋ፣ እቴ! ገና አፉን አልፈታም።»

«ልጄ ታማብኝ ነው እንጂ፣ ብሬ ደግሞ የእናቴ ማስታወሻ ናት።»

«እንግዲያማ ማስታወሻሽን ቀቅለሽ ልጅሽን አጠጫት!»

ሚዳቋ የጦጢትን ማታለል እያወቀች ብሯን ሰጥታ እርሳሱን ተቀበለች። ምን ታድርግ?

ጃርት ደግሞ በዚያ ሰዓት ሥር ይቀቅል ነበር። አንድ ጎፈሬ ከእጁ አምልጦ እሳት ውስጥ ገባ። ሊያወጣው እንጨት ቢሰድ ጎፈርም የለም፣ አንበሳም የለም። እንደ ቅቤ ቀልጦ አመዱ ውስጥ ፈሷል።

«ኡኡ! ተበላን!» ብሎ ጮኸ። ገበያው ተተራመሰ። ሁሉም ጎፈሬውን እሳት ውስጥ ይጥላል፤ የጣለው ሁሉ ይቀልጣል።

ሚዳቋ እያለከለከች የደረሰችው ይሄኔ ነው። «አያ ጃርት፣ ይኸው ጎፈሬ አመጣሁ!»

«ዞር በይ! መላጣ አምጪ፣ ሥር ውሰጂ!»

«መላጣውንማ አንተው አይደለህ የመለስክብኝ?»

«የጠዋቱ ለጠዋት ነው። አሁን ልማዱ ተቀይሯል።»

ደግሞ ወደ ጦጢት ሮጠች። ጦጢት የብሩን ከረጢት አንገቷ ላይ አስራ ዛፍ ላይ ወጥታለች። ከረጢቱ ከባድ ነው፤ ቅርንጫፉ ተገነጠለና ቁልቁል መጣች። ገበያተኛው አንቆ ንጉሡ ፊት አቀረባት።

«ከእንግዲህ ዛፍ እንዳትወጣ፣ ያቀለጠችው እርሳስ ሁሉ አንገቷ ላይ ይታሰር» ብሎ ፈረደ አንበሳ። ሰዉ እልል አለ። ብሩም ለየባለቤቱ ተመለሰ። ሚዳቋ ግን ፍርዱ እስኪያልቅ፣ ተራዋ እስኪደርስ፣ ቆማ ስትጠብቅ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ብሯን እንደያዘች ጃርት ዘንድ ሮጠች። ጃርት አሁን ሳይዳብስ ተቀበላት፤ ሥሩንም ሰጣት።

ቤቷ ስትደርስ ቆቅ ደጃፍ ላይ ቆማለች።

«መጣሽ እህቴ?» አለቻት። «‹እማ መጣች ወይ› ስትለኝ ዋለች። አሁን ግን አትጠይቅም።»

ሚዳቋ ገብታ እንደ ልማዷ ጆሮዋን የልጇ አፍንጫ ላይ አደረገች። ምንም የለም።

በማግሥቱ ጃርት ለልቅሶ መጣ። ጎኗ ተቀምጦ «እግዜር ያጥናሽ። ያቺ ጦጣ፣ ይኸው ምን አደረገችን!» አላት።

ሚዳቋ ቀና ብላ አየችው። «ጦጢት የወሰደችው ብሬን ነው፤ እሱም ተመልሷል። ልጄን የወሰደው የአንተ መዳበስ ነው።»

ጃርት እሾኹን ሰብስቦ ወጣ።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው። ትልቁም ትንሹም ይህን ይያዝ፦

ጎፈር ሲዳብሱ ብር ይጥላሉ፤ ብር ሲያነሡ ነፍስ ያጣሉ።