ምሰሶው ሳይቆም

አንዲት እናቷን የምትጦር ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። እናቷ አጥንታቸው ሳስቶባቸው በየስድስት ወሩ መርፌ ይወጉ ነበር። መርፌው ረድቷቸው ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀመሩ። ጎረቤቱም "ስንዱ እናቷን ወጣት አደረገቻቸው!" እያለ መረቃት።

ሐኪሙ ግን አስጠንቅቀዋት ነበር። "ይህ መርፌ እንዲሁ አይቋረጥም። ሲቆም አጥንቱን ይዞ የሚያቆይ ሌላ መድኃኒት ይተካበታል። ሳይነግሩኝ እንዳያስቆሙ።"

የመርፌው ቀን የደረሰው ስንዱ ለልጇ ሰርግ ቤቷን በምታድስበት ሰሞን ነበር። መንገዱም ወረፋውም ታከታት።

"እማዬ፣ ዶክተሩ መርፌው ይበቃሻል ብለዋል" አለች።

"እሰይ! ከዚያ የወረፋ ወንበር ገላገሉኝ" ብለው እናት ሳቁ።

በዚያው ቀን አናጢዎች የበሰበሰውን ምሰሶ ሊለውጡ መጡ። አንዱ ጣሪያውን የደገፈበትን ባላ መነቅነቅ ሲጀምር ስንዱ ጮኸች።

"አንተ! አዲሱ ሳይቆም ባላ ይነቀላል? ልትጨርሰን ነው?"

እናት ከደጅ ሆነው "የኔ ልጅ ዓይኗ ምን ያልፈዋል!" አሉ በኩራት።

ሰርጉ አለፈ። ስንዱ "ደህና ናት እኮ" እያለች ዝም እንዳለች ወራት ነጎዱ። አንድ ጠዋት እናት ጫማቸውን ሊያነሱ ጎንበስ ብለው ቀና ማለት አቃታቸው። ሐኪም ቤት ሲወሰዱ፣ ሳይወድቁ የጀርባ አጥንታቸው ተሰብሮ ተገኘ።

"መርፌውን ማን አስቆመው?" አሉ ሐኪሙ።

እናት የስንዱን ፊት አዩና ሁሉም ገባቸው።

"እኔ ነኝ ዶክተር። እሷማ እንሂድ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት።"

ስንዱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። "ውሸቷን ነው፤ እኔ ነኝ" አለች አቀርቅራ። ሐኪሙ ሳይቆጡ የቀረው አጥንት እንዳይሳሳ መድኃኒት አዘዙ። የተሰበረውን ግን እንደነበረ መመለስ አልቻሉም።

ማታ ስንዱ ትራሱን ስታስተካክል እናት እጇን ያዙ።

"ስንድዬ፣ ለጣሪያው እንኳ አዝነሽለት ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ስንዱ ያን ምሰሶ ቀና ብላ ማየት አትችልም።

ወገኖቼ፣ ባላ የያዘው ጣሪያ በራሱ የቆመ ይመስላል፤ መድኃኒት የደገፈው አካልም እንዲሁ። ተተኪው ምን እንደሆነ ሐኪም ሳንጠይቅ ድጋፉን አንንቀል። እኛስ "ደህና ሆነዋል" ብለን የማንን ባላ ነቅለን ይሆን?