የጉም አፋፍ ክፍት ቆብ

ጉም አፋፍ በሚባለው ብርዳም አገር የተወለደ ሕፃን ሁሉ ክርስትና ሊነሣ የሚሄደው አናቱ ክፍት የሆነ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ የሹራብ ቆብ አጥልቆ ነው። ክሩ ከአንድ ቤት አይወጣም። ከአንዱ ጎረቤት ጥቁር የበግ ጠጉር፣ ከሌላው ከአሮጌ ባና የተተረተረ ቡኒ፣ ከሌላው ደግሞ ከነጠላ ጥለት የተመዘዘ ቀይ ይመጣና ሴቶቹ በሁለት ቀጫጭን እንጨት ይሠሩታል፤ አናቱ ጋ ሲደርሱ ግን ያቆማሉ። እናቲቱም ልጇን ታቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ ነጭ አመድ ከሚባለው ቦታ ስትደርስ ክፍቱን በመዳፏ ትከድነዋለች፤ ቦታውን እስክታልፍም እጇን አታነሣም። ለምን ቢሏት የሕፃኑ እርግብግቢት አየር እንዲያገኝ ነው ትላለች። አየር እንዲያገኝ ከሆነ በእጅ መክደኑ ምን አመጣው ብሎ የሚጠይቃት የለም። ሽማግሌዎች የሚያወሩት ሌላ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ካልተለመኑ አያወሩትም፣ ምክንያቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ የማንም ቤት ስም አያምርም።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ በጉም አፋፍ ማንጠግቦሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በዚያ አገር ከኅዳር እስከ ጥር የሚወርደው ውርጭ ለአራስ ልጅ አይራራም፤ እሷም ከወለደቻቸው ሁሉ የተረፈችላት ዘነቡ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች። አንድ ክረምት የተራራ ሣር የሚያጠና ፈረንጅ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ማንጠግቦሽ ግቢ ከረመ። ሚስቲቱ በቅርጫት ያመጣቻቸው ነጫጭ ጥንቸሎች ነበሯት፤ ጠጉራቸው ከመርዘሙ የተነሣ ዓይናቸውን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልግ ነበር። አታርዳቸውም፤ እያበጠረች የሚረግፈውን ጠጉር ትሰበስባለች እንጂ። ለማንጠግቦሽም ማበጠሩንና በሁለት እንጨት ሹራብ መሥራቱን አሳየቻት። ጠጉሩ ሲበዛ ልስልስ ስለነበር መጀመሪያ ከእንዝርቱ እያመለጠ አስቸገራት፤ ኋላ ጥቂት የበግ ጠጉር ብትቀላቅልበት እሺ አላት። ፈረንጆቹ መስከረም ጠብቶ ሲሄዱ ጥንቸሎቹን ለእሷ ትተው ሄዱ።

ማንጠግቦሽ ጥንቸሎቹን ከጎታው ጀርባ በረት ሠርታ አራባቻቸው። ለአራስ ልጅ ቆብና እጀ ጠባብ መሥራት ያዘች፤ የለበሰው ልጅ በውርጭ ወር እንኳ ጉንጩ ቀልቶ ያድር ጀመር። በዚያ አገር ማርገዝ ማለት ማልቀሻን መደገስ ነበርና፣ የሴቱ ሁሉ እግር ወደ እሷ ቤት በዛ። ከየት የመጣ ጠጉር ነው ሲሏት ግን የፈረንጅ በግ ነው ትላለች። ጥንቸል እንኳን ሊበሉት ስሙን በማዕድ የማያነሡት አውሬ መሆኑን ታውቃለች፤ እውነቱን ብትናገር ማንም ልጁን እንደማያለብስም ታውቃለች። ስለዚህ ዋሸች፤ ውሸቷም ልጆች እያሳደገ ዓመታት ቆየ። ማንጠግቦሽን ከሁሉ ይልቅ የምትወዳት የግራዝማች ክፍሌ ሚስት ወርቅያንስ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇ በዚያ ቆብ ነው የተረፈላትና መንገድ ላይ ባገኘቻት ቁጥር ጉልበቷን ልትስም ትጎነበስ ነበር ይባላል።

ዘነቡ የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች ቀብራ ሦስተኛውን አረገዘች። እሱም ወሩ ሳይሞላ በኅዳር ተወለደ፤ ሲበዛ ትንሽ ነበር፣ ለቅሶው እንኳ ከደጅ አይሰማም። ማንጠግቦሽ ያላትን ምርጥ ጠጉር አውጥታ፣ የበግ ሳትቀላቅል፣ ጣቷ እስኪቆስል ፈትላ፣ ቆብና ሙሉ ልብስ ሠራችለት። ሞቱን ሲጠብቁ ልጁ መጥባት ጀመረ፣ ከዚያም ማዛጋት፣ ከዚያም ተቆጥቶ መጮኽ። ዘነቡ ተረፈ ብላ ጠራችው። ክርስትና የሚነሣበት ቀን ሲደርስ አያቱ እንደዚያን ቀን ተደስታ አታውቅም።

ከደጀ ሰላሙ ሲደርሱ ግራዝማች ክፍሌ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመው ነበር። ክፋት አስበው አልነበረም ይባላል። ያን ነጭ ቆብ በጣታቸው ዳሰሱና፣ የዚህን በግ አውራ ከየትም ብለሽ አስፈልጊልኝ፣ ከመንጋዬ ጋር ላዳቅለው አሏት። ማንጠግቦሽ በቤቷ ዓመታት የዋሸችውን ውሸት በእግዚአብሔር ደጅ ልትደግመው አፏን ከፈተች፤ አልወጣ አላት። የልጅ ልጇ የሚጠመቅበት ቀን ነው፤ በዚህ ደጅ ብዋሽ በእሱ ላይ ይቆጠርብኛል ብላ ፈራች። ስለዚህ እውነቱን ተናገረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሽማግሌዎቹ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያወሩት። ቄሱ አባ ጽጌ ደግ ግን ፈሪ ሰው ነበሩ። የተከለከለው መብላቱ ይመስለኛል፣ ስለ መልበሱ ግን አላነበብኩም አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ሳይጠየቅ አይጠመቅም ብለው በሩ ላይ ቆሙ። አባ ጽጌ ልጁን በዚያው አጥምቀው መጠየቁን ለኋላ ማቆየት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በቅሎ አስጭነው ቀናት ወደሚያስኬደው ደብር ጉዞ ጀመሩ።

የጉም አፋፍ ሰው መልሱን አልጠበቀም። የመጀመሪያዋ ወርቅያንስ ነበረች። የልጇን ቆብ ከቤቷ አውጥታ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ወረወረችው፤ ኋላ የቀረች ሴት እንዳትባል እያንዳንዷ ተከተለች። ወንዶቹ የማንጠግቦሽን በረት አፍርሰው በጥንቸሎቹ ላይ ውሾች ለቀቁባቸው። የተጣለውንም ልብስ በእሳት ለኮሱት፤ ጠጉር ነውና ክምሩ አልነድ ብሎ እየተኮማተረ ከረፋ፤ እንጨት ጨመሩበት። ቀኑ እየመሸ ብርዱ ስለበረታም፣ ሊያቃጥል የመጣው ሰው ዙሪያውን ቆሞ እጁን ይሞቅ ጀመር።

የዘነቡ አማቶች ልጁ በዚያ ልብስ ከቤታችን አያድርም አሉ። ልብሱንም ወስደው ከእሳቱ ጣሉት፤ ቆቡን ግን ማንጠግቦሽ ለእሳቱ ልትሰጠው አልቻለችም። ፈቃዱ ሲመጣ መልሼ እሠራዋለሁ ብላ ራሷን አጽናናች፤ ቆቡንም ከመጨረሻው፣ ከአናቱ ጀምራ በገዛ እጇ ተረተረችው፣ ክሩንም ጠቅልላ ከብብቷ ከተተችው። ልጁን በጋቢ ላይ ጋቢ ደረቡለት። በማግስቱ ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር፤ ተረፈም በእናቱ እቅፍ ውስጥ ደርቆ ተገኘ። ያልተጠመቀ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርምና ኋላ ነጭ አመድ ከተባለው ከዚያ ሜዳ፣ ልብሱ ከተቃጠለበት አመድ አጠገብ ቀበሩት።

አባ ጽጌ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። የተከለከለው ሥጋውን መብላት ነው፣ ጠጉሩን መልበስ ኃጢአት የለበትም ተብለው መጡ። ከበቅሎ ሳይወርዱ ነው የተናገሩት፤ የሚሰማቸው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። አላወቅንም ነበር ተባባሉ። አለማወቅ መቼም ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው በኅዳር፣ ወርቅያንስ ወለደች፤ እሱም ወሩን ያልጨረሰ ነበር። ግራዝማች ክፍሌ ድንጋይ ተሸክመው ከማንጠግቦሽ ደጅ ቆሙ። ግቡ አላለቻቸውም። በሩ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች ብዙ አቆመቻቸው።

«እመት ማንጠግቦሽ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ፣ ፈቃዱ እኮ መጥቷል» አሉ በመጨረሻ።

«ፈቃዱማ መጣ፤ ጥንቸሎቹ ግን የሉም፣ ግራዝማች።»

ከብብቷ የሟቹን የልጅ ልጇን ክር አወጣች። አንድ ሙሉ ቆብ የሚወጣው ክር ነበር። ይህንን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ በታሪኩ ውስጥም እጅግ የሚከብደው እሱ ነው፤ ልትሰጥ ትችል ነበር፣ ላለመስጠትም በቂ ምክንያት ነበራት፣ ሁለቱንም አላደረገችም። ሜዳው ላይ ልብስ የጣለ ቤት ሁሉ ከየቤቱ ክር ያምጣ ብላ ላከች። አመጡ። በነጩ ጀመረችና፣ ጥቁሩንም ቡኒውንም ቀዩንም እየቀጠለች ሠራች፤ ቆቡን ይዛም ወደ ወርቅያንስ መኝታ ገባች። አራሷ ልጇን ስታለብሰው መጀመሪያ ያየችው ክፍቱን ነው።

«እትዬ፣ አናቱ ቀርቷል» አለቻት።

«አልቀረም። እጅሽን ታደርጊበታለሽ። የእኔ ልጅ ያን ሌሊት አናቱ ላይ የሚያርፍ እጅ አጣ፤ የሁላችሁም እጅ እሳት ይሞቅ ነበር።»

ወርቅያንስም ሌሊቱን ሁሉ መዳፏን ከልጇ አናት ሳታነሣ አደረች፣ በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም፤ ልጁም አደገ። ማንጠግቦሽ ግን ከዚያ በኋላ በነጩ ክር ሌላ አልሠራችም፤ ከቆቡ የተረፈውን ከነጭ አመድ ሜዳ ወስዳ ቀበረችው ይባላል። ዘነቡም ሌላ ልጅ አልወለደችም።

ዛሬ ነጩ ጠጉር በጉም አፋፍ የለም፤ ምን ይመስል እንደነበረ የሚያስታውስ ዓይንም የለም። ከአገሩ በታች በሚያልፈው የመኪና መንገድ ዳር ሴቶች ቆብ ይሸጣሉ፤ ገዢ አናቱ ይደፈን ካለ ለእሱ ይደፍኑለታል። ለራሳቸው ልጅ ግን አይደፍኑም። የክርስትናው ቀን ሲደርስ፣ ሌሎቹ እልል እያሉ ከፊት ሲሄዱ፣ እናቲቱ በነጭ አመድ ላይ መዳፏን ከልጇ አናት ላይ አድርጋ፣ ጣቶቿ በውርጩ እየደነዘዙ ታልፋለች።