ጅብ ያነጠፈው ጭድ

አንድ ጊዜ ጨው እንደተጫነች ቁልቁለት ላይ ተንሸራትታ ቀኝ ዳሌዋን የተጎዳች አንዲት አህያ በመንደር ዳር ትኖር ነበር። ቁስሉ ዳነ፤ ሕመሙ ግን ቀረ። ቀኑን እንደምንም ትውላለች። ሲመሽ በቀኝ ጎኗ ስትተኛ ዳሌዋ ያቃጥላታል። በግራ ስትዞር የላይኛው እግሯ ቁልቁል እየተንጠለጠለ ወገቧን ይስባታል። ቆማ እንዳታድር ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ጅብ ሊበላት ይቋምጥ ነበር። በመጣ ቁጥር ግን ነቅታ ያገኛታል፤ እሷ ስታናፋ የመንደሩ ውሾች ግር ብለው ይወጡበታል። ቢቸግረው በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ከሩቅ ጠየቃት።

«አንቺ፣ ከቶ አትተኚም እንዴ?»

«አያ ጅቦ፣ ይሄ ዳሌ መቼ ያስተኛኛል!»

ጅቡ ምራቁን ዋጠ። ካስተኛኋት በላኋት ብሎ አሰበ። «እንደ እኔ ጥቅልል ብለሽ ተኚ» አላት። አህያዋ ሞከረች። ገና አንገቷን ወደ ጭራዋ ስታጥፍ «ወይኔ ወገቤ!» ብላ ጮኸች። ውሾቹ ተነሡ፤ ጅቡም እግሬ አውጪኝ አለ።

ሮጦ ሮጦ የአህያዋ ጎረቤት ከሆነችው ቀበሮ ጉድጓድ ደረሰ።

«እመት ቀበሮ፣ ዳሌዋን የሚያማት አህያ እንዴት ብትተኛ ይሻላታል?»

ቀበሮ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። ጅብ ስለ ሌላው ሕመም ሲጠይቅ ሰምታ አታውቅም። «ለምን ፈለግኸው?»

«እንዲያው... አሳዘነችኝ» አለ ለሃጩ እየተንጠባጠበ።

ነገሩ ገባት። «በደህናው ጎኗ ትተኛ። የታመመው እግር እንዳይንጠለጠል በኋላ እግሮቿ መሀል ጭድ አድርግላት። እንዳትገለበጥም ከጀርባዋ ከምርላት። ልኩን የምታውቀው እሷ ናትና እየጠየቅህ ጨምር፣ እየጠየቅህ ቀንስ። ጭዱን ግን ከወንዝ ማዶ ካለው አውድማ አምጣ፤ የሚለሰልሰው የዚያ ነው።»

ጅቡ ጭድ በአፉ እየያዘ ሲመላለስ ዋለ። አህያዋ ፈራች፤ ግን ሕመሙ ከፍርሃቱ ባሰባት። «ውሾቹ ቅርብ ናቸው» አለችውና በግራ ጎኗ ተኛች።

«እዚህ ጋ ነው?»

«ትንሽ ዝቅ።»

«አሁንስ?»

«በዛ፤ ቀንስ።»

«አሁንስ?»

ዐይኗ ተከድኗል።

«እስቲ እንቅልፉ ይጥለቅላት» ብሎ ጅቡ በተረፈው ጭድ ላይ ጋደም አለ። ሲመላለስ የዋለ ወገብ ለስላሳ ነገር ሲያገኝ ምን ይሆናል? ወዲያው አንኮራፋ።

ጎህ ሲቀድ አህያዋ ነቃች። ዳሌዋ አሁንም ያማታል፤ እግሮቿ ግን ከወደቀችበት ቀን ወዲህ እንዲህ ጠንክረውላት አያውቁም። ዞር ስትል ጅብ! ቀስ ብላ ተነሣች፤ ጀርባዋን ሰጠችውና በደህናው እግሯ አፍንጫው ላይ አሳረፈችበት።

«ኧረ ያስተኛሁሽ እኔ ነኝ!» እያለ ጅቡ ተንከባለለ።

«እሱማ ነው፤ ጉልበት ከየት ያገኘሁ መሰለህ?» አለችና ደገመችው። ጅቡ ወንዙን ተሻግሮ ጠፋ።

ረፋዱ ላይ ቀበሮ መጣች። «ዳሌሽ ዳነ?»

«አልዳነም። ዛሬ ደግሞ ጭዱን ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ አድርጌ እሞክረዋለሁ» አለች አህያዋ፣ በኮቴዋ ጭዱን እየሰበሰበች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሕመም አልለቅም ቢለን እንኳ ገላችንን እየጠየቅን የሚያሳርፈንን አተኛኘት ብንፈልግ ጉልበታችን እንደሚመለስልን ነው።