የሽብሩ ፔጆ ወንበሮች

ድሬዳዋ ላይ አንድ ሰው ዋናውን ነገር ጥሎ ለመቅደም ሲንደፋደፍ ሲታይ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ወንበር የሚሉት ነገር አለ። አባባሉን የማያውቅ የለም፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በመስኮት የወጣሁ ሰው ነኝና ብዙ ነገር አላውቅም። ይህን ግን ከነሥሩ አውቀዋለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ዋሽቼ እንደሆነ የዛሬ ዓመት ይህን ጊዜ አንድ ጥርስ አይኑረኝ፤ ምግቤም ገንፎ ብቻ ይሁን። ገንፎ እንዴት እንደምጠላ ደግሞ የሚያውቀኝ ያውቃል።

ነገሩ ባጃጅ ከተማውን ሳይወርሰው፣ ፔጆ ታክሲ በነገሠበት ዘመን ነው። ሽብሩ የሚባል ሾፌር ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሽብሩን ስም ያወጣው መልአክ ግን ያን ዕለት እሱም ከሰው ተጣልቶ የዋለ ይመስለኛል። ሽብሩ ከእንቅልፉ የሚነቃው ተናድዶ ነው። ጫማው ሲጠፋበት ይናደዳል፤ ሲያገኘው ደግሞ «እስካሁን እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ይናደድበታል።

እውነት ለመናገር የሚያናድደው ነገር ነበረው። በታክሲ ተራው ላይ ሃያ ሦስት ፔጆ ይሰለፋል፤ የሽብሩ ሁልጊዜ ሃያ ሦስተኛው ነው። ቤቱ ከከተማው ዳር በመሆኑ የቱንም ያህል ቢማልድ፣ ተራው አጠገብ የሚኖሩትና መኪናቸው ውስጥ የሚያድሩት ይቀድሙታል። እሱ ፊት እስኪደርስ ገበያተኛው አልቆ፣ ፀሐዩ አናት በስቶ፣ የሚሳፈር የሚገኘው ዝንብ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ሾፌር ከመሀል ሾልኮ ሰው ይለቅም ነበር። አንድ ቀን ሽብሩ የሾፌሮች ስብሰባ መሀል ተነሥቶ ጠረጴዛውን በጡጫ ነረተና፣ የፊተኛው ሞልቶ ሳይወጣ ከኋላው አንድ ሰው የጫነ ሳምንት እንዲታገድ አስወሰነ። ተራ አስከባሪው ጋሽ ደምሰው ደንቡን በደብተራቸው ጻፉት። ጋሽ ደምሰው ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ጋ የተጻፈ ነገር ሐዲድ ነው፣ ወዲህም ወዲያም አይልም።

ደንቡ ሌባውን አስቆመ፤ ሽብሩን ግን ከሃያ ሦስተኛነት አላነሣውም።

ሚስቱ ትርንጎ ሦስት ዓመት ቻለችው። ከተራው ጅራት የለቀመውን ንዴት ማታ ይዞ ይገባና ቤት ውስጥ ያራግፈዋል። ወጡ ቀዘቀዘ ይላል፤ ይሞቅለትና አቃጠለኝ ይላል። በመጨረሻ ትርንጎ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ እናቷ ቤት ገባች። እናቷ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ደግሞ ቀልድ የማያውቁ፣ ነጠላቸው እንኳ ሳይጨማደድ የሚያድር ሴት ናቸው። ሽማግሌ ሲላክባቸው ሽብሩን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ አማች ነውና በአክብሮት ነገሩት።

«እርስዎ ክፉ ሰው አይደሉም። መጨረሻ መሆን ነው ያከፋዎት። እንግዲህ ልጄን ከመጀመሪያው ታክሲ ላይ አስቀምጠው ሊወስዷት የቻሉ ዕለት መጥተው ይንገሩኝ። እስከ ጥምቀት እጠብቃለሁ። ጥምቀት ካለፈ አሰበ ተፈሪ ከተማ ወንድሜ ጋ ይዣት እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አይልፉ።»

ጥምቀት አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በዚያው ሰሞን ተራው ላይ ለፊተኛ ቦታ ሁለት ሾፌሮች ተደባድበው አንዱ ጥርሱን፣ ሌላው መስታወቱን አጣ። ጋሽ ደምሰው ተማረሩና ፍርድ ሰጡ። እሑድ ጠዋት፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ሁሉም በገዛ ታክሲው ይሽቀዳደም። መኪናውን እንዳሻው ይለውጠው፤ ግን በገዛ እጁ እንጂ በጋራዥ አይሁን። መንገዱ መጨረሻ ላይ ካለው ሮቃ ዛፍ ድረስ ሄዶ፣ ዞሮ ቀድሞ የተመለሰ፣ ዓመቱን ሙሉ ፊተኛው ቦታ የሱ ነው። ተኝቶ ቢያረፍድ እንኳ ቦታው ይጠብቀዋል።

ከተማው አበደ። አንዱ የፔጆውን ጣሪያ ንፋስ ያስቸግረዋል ብሎ በመጋዝ ቆረጠው። አንዱ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አውልቆ ጣለና፣ ሞተሩን ሲያስነሣ የሰፈሩ አህያ ሁሉ መልስ ይሰጠው ጀመር። ሽብሩ ግን ቁም ነገሩ ክብደት ነው ብሎ መፍታት ያዘ። ስኮርታ ጎማውን ጣለ። ክሪኩን ጣለ። የበር እጀታ፣ የሲጋራ መተርኮሻ፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ላስቲክ ሳይቀር ጣለ። እያንዳንዱን ሲጥል «ሦስት ዓመት ወደ ኋላ የጎተትከኝ አንተ ነህ» እያለ ይሰድበዋል።

ይህን ሲያደርግ አብዶሽ መጣ። አብዶሽ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ በተራው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የሚሆን ሾፌር ነው። የእህቱ ሰርግ ደርሶ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጫ አንሶታል። ቤቱ ደግሞ ከጭነት መኪና የወለቀ ትልቅ ካርቡራቶር ተቀምጧል፤ ፔጆ ላይ ቢገጠም ነዳጁን እንደ ውሃ ጠጥቶ እንደ ጥይት ያስወነጭፋል የሚባል።

«አቦ ሽብሩ፣ አንተ ክብደት ትጠላለህ፣ እኔ መቀመጫ እፈልጋለሁ» አለው። «ወንበሮችህን ስጠኝና ካርቡራቶሩን ውሰድ። ካርቡራቶሬን የመለስክ ቀን ወንበርህን ትወስዳለህ። ወላሂ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።»

«የሾፌሩንም ጨምረህ ውሰደው።»

«ኧረ አንተስ በምን ልትቀመጥ ነው?»

«በንዴቴ» አለ ሽብሩ።

ሦስቱም ወንበሮች በጋሪ ተጭነው ወደ ሰርጉ ሄዱ። ሽብሩ ከመሪው ፊት ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ደፍቶ በዚያ ላይ ተቀመጠ። የድሮውን ካርቡራቶር ሲፈታ አንድ ብሎን እምቢ አለውና ጣቱን ቆረጠው። ያን ጊዜ ቱግ አለ፤ ካርቡራቶሩን ነቅሎ፣ ድልድዩ ድረስ ተራምዶ ሄዶ፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ከታች ሲያልፍ የነበረ ብረት ለቃሚ ቆራሌ ከሰማይ የወረደለትን ብረት ቀና ብሎ አመሰገነና ጆንያው ውስጥ ከተተው። ሽብሩ «ጥርግ በል!» ብሎ ጮኸበት። ለካርቡራቶሩ ይሁን ለቆራሌው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እሑድ ደረሰ። ሃያ ሦስቱ ፔጆ ተደረደሩ። ሽብሩ ቆርቆሮው ላይ ቁጢጥ ብሎ ጥርሱን ያፋጫል። ከኋላው ባዶ ወለል ላይ የጎረቤቱ ዶሮ ገብታ ተኝታለች፤ አላያትም። ጋሽ ደምሰው የባቡር ፊሽካቸውን ሲነፉ የሽብሩ መኪና አልተነሣችም፤ ተፈናጠረች። በጣም ከመቅለሏ የተነሣ ጎማዋ አስፋልቱን የሚነካው ሰላም ለማለት ያህል ነው። ሮቃው ጋ ስትዞር በሁለት እግሯ ቆመች። ሽብሩ ከነቆርቆሮው ወደ ተሳፋሪው በር ተንሸራቶ፣ መሪው ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ፣ አብዶሽን «ከፊቴ ዞር በል!» እያለ ጮኸበት። አብዶሽ በዚያ ሰዓት ከኋላው ነበር፤ ግን ሽብሩ ከለመደው ንዴት በቀላሉ አይወጣም። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ሁለተኛው መኪና ገና ሮቃው ጥላ ሥር አቧራ ይበላል። በሩ ሲከፈት ዶሮዋ ወረደች፤ በሦስተኛ ማርሽ የጣለችው እንቁላል ወለሉ ላይ ሳይሰበር ተገኘ።

ሰው ተሸክሞት ጨፈረ። ሽብሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ታየ፤ ትንሽ የሚያስፈራ ሳቅ ነበር። ወዲያው ለወይዘሮ ወርቅያንጥፉ መልእክት ላከ። ነገ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ትርንጎን ይዘው ተራው ድረስ ይምጡ፤ ከፊት የቆመችውን መኪና ያያሉ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መኪናውን በሳሙና አጠበ። በውጪ።

ሰኞ ጠዋት ከሃያ ሁለት ታክሲ ፊት ቆመ። ደረቱ ተነፍቷል። ቲማቲም በቅርጫት የያዙ ሁለት ነጋዴዎች መጥተው በሩን ከፈቱ። ወደ ውስጥ አዩ። እርስ በርስ ተያዩ።

«ወንበሩስ?» አለች አንደኛዋ።

ሽብሩ ዞሮ አየ። እዚያ ድረስ አስቦት አያውቅም። ለመቅደም እንጂ ከቀደሙ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ያሰበበት ቀን አልነበረም። ቢሆንም መናደድ ያውቃልና ተናደደ፤ ሁለት ደቂቃ መንገድ ላይ ወንበር ምን ያደርግላችኋል፣ አስፋልቱን ነው የምትበሉት ወይስ ወንበሩን ብሎ አፈጠጠባቸው። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን አንሥተው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ አብዶሽ ሄዱ። አብዶሽ እንዳይጭናቸው ጋሽ ደምሰው ደብተራቸውን ገልጠው መሀል ቆሙ። የፊተኛው ሳይሞላ ከኋላው አንድ ሰው የጫነ ሳምንት ይታገዳል። አስወሳኝ፣ ሽብሩ። ከሥር ፊርማው አለ።

ፊተኛው አይሞላም። ሁለተኛው አይጭንም። ሃያ አንዱ ከኋላ ጡሩምባ ይነፋል። ገበያተኛው ቲማቲሜ ፈሰሰ፣ ወተቴ ረጋ፣ እያለ መኪናዋን በመዳፉ ይደበድባል። ሾፌሮቹ ወርደው የሽብሩን ሰባት ትውልድ መጥራት ጀምረዋል። ሽብሩ ወደ አብዶሽ ሮጠ።

«ወንበሬን አምጣ።»

«ካርቡራቶሬን አምጣ።»

«ካርቡራቶሩን ከሰጠሁህ በምን እነዳለሁ? የድሮውን ጥዬዋለሁ።»

«እሱን እንግዲህ አንተና ድልድዩ ተነጋገሩበት» አለ አብዶሽ። አልሳቀም፤ እሱም ከኋላው ታግቶ ላቡ ይንቆረቆራል። «አቦ፣ ውላችን ቀላል ነበር እኮ። ያከበድከው አንተ ነህ።»

በዚህ መሀል ጡሩምባው አንድ በአንድ ጸጥ እያለ መጣ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተ። ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ትርንጎ ደግሞ ያንኑ የአንሶላ ቋጠሮዋን በክንዷ ታቅፋ፣ ከፊት ወደቆመችው መኪና መጡ።

አማት ስትመጣ አማች ከመቀመጫው ይነሣል፤ መቀመጫውንም ይለቃል። ይህን የማያውቅ ባለጌ እንኳ የለም። ሽብሩ በሩን ከፈተ። ባዶው ወለል አፈጠጠ፤ ላስቲኩም የለ፣ ዝገት ብቻ። ጎንበስ አለና ያለውን አንድ መቀመጫ፣ የዘይት ቆርቆሮውን፣ በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ አቀረበላቸው።

«ይቀመጡ» አለ።

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ቆርቆሮውን አዩት። ቀጥለው ነጭ ነጠላቸውን አዩ። ከዚያም ሽብሩን። ፊታቸው ሲጠቁር ከሩቅ ይታይ ነበር።

«ልጄን አስቀምጠህ ውሰዳት አልኩህ እንጂ፣ ቀድመህ ድረስ መች አልኩህ?» አሉ። «እርስዎ»ነቱ በዚያች ቅጽበት ወድቆ ቀረ።

ሽብሩ የሚናደድበት ሰው ፈለገ። አብዶሽን አየ፤ አብዶሽ በቃሉ ቆሟል። ጋሽ ደምሰውን አየ፤ እሳቸው የገዛ ደንቡን ነው የያዙት። ቲማቲም የያዙትን ሴቶች አየ፤ የፈለጉት መቀመጥ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በቂ ሰው የማያጣው ያ ንዴት ዞሮ ዞሮ ተመልሶ እሱ ላይ ዐረፈ። ትርንጎን ሊያናግራት አፉን ከፈተ። እሷ ግን አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም፤ ቋጠሮዋን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረችና «እማዬ፣ በእግራችን እንሂድ» አለች። ያን ጠዋት የሚጭን ታክሲ ስለሌለ ቲማቲም ሻጩም፣ ወተት አመላላሹም፣ ከተማው በሙሉ ከኋላቸው በእግሩ ሄደ። ሽብሩ ቆርቆሮውን እንደያዘ ከሰልፉ ፊት ቀረ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ገንፎውን ፈርቼ ነው። ዶሮዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ዶሮም እንቁላልም አልነበረም፤ መኪናዋ ምን ያህል እንደቀለለች ላሳያችሁ ብዬ ነው። የቀረው ሁሉ ግን የሆነ ነው፤ በተለይ የመጨረሻው። ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ማጠፊያው ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አሉ፦ «ወንበሩን ነቅሎ የቀደመ፣ ተሳፋሪ ሲመጣ ቆመ።»